600 ካሬ ኪሎ ሜትር ከአየር ለማንሳት ሥራውን እንዴት ላደራጀው?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ወደ 600 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ቦታ ከአየር አንስተን ኦርቶፎቶ (እንደ ካርታ ልኬቱ የተስተካከለ የአየር ፎቶ) እና ባለ 1 ሜትር ኮንቱር (በየ1 ሜትሩ እኩል ከፍታን የሚያሳይ መስመር) ልናስረክብ ነው። ግማሹ እርሻ ነው፣ የቀረው ተራራና ደን። እስካሁን የሠራሁት በአንድ ቀን የሚያልቅ ትንንሽ ሳይት ነበር፤ አሁን ግን ሦስት ቡድን፣ ቪቶል ድሮን (ቀጥ ብሎ ተነስቶ እንደ አውሮፕላን የሚበር) እና ባለ 42 ሜጋፒክስል ካሜራ ይዘን ነው የምንገባው። አሠሪው 3 ሴንቲሜትር ጂኤስዲ (አንድ ፒክስል መሬት ላይ የሚይዘው ስፋት) ካልሆነ ብሏል። ከየት ልጀምር?

ቀያሽ፦
ወንድሜ፣ ከአሠሪው ጀምር። 3 ሴንቲሜትር ለምን እንደፈለገ ጠይቀው። ለባለ 1 ሜትር ኮንቱር 5 ይበቃል፤ ልዩነቱን በቁጥር አሳየው። በዚህ ካሜራ በ5 ሴንቲሜትር አንድ ፎቶ 400 በ265 ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ወደፊት 75፣ ወደ ጎን 65 በመቶ ብታደራርብ በጠቅላላው ወደ 65 ሺህ ፎቶ ይመጣል። 3 ስታደርገው 180 ሺህ ይደርሳል፤ በረራው፣ ባትሪው፣ ዲስኩ፣ ፕሮሰሲንጉ ሁሉ አብሮ ነው የሚያድገው።

ደግሞ ውሉ ላይ ጂኤስዲ ብቻ እንዳይጻፍ አደራ። ጂኤስዲ አንድ ፒክስል መሬት ላይ ምን ያህል እንደሚይዝ እንጂ ካርታው ትክክል መሆኑን አይነግርህም። የአግድምና የከፍታ ስህተት ጣሪያው በሴንቲሜትር ይጻፍ፣ በስንት ነጥብ እንደሚፈተሽም። የአሜሪካው የፎቶግራሜትሪና ሪሞት ሴንሲንግ ማኅበር (ኤኤስፒአርኤስ) በ2023 ባወጣው መስፈርት ቢያንስ 30 መፈተሻ ነጥብ (መሬት ላይ በትክክል የተለካ ቦታ) ይላል። እነዚህ ነጥቦች ካርታው በሚሠራበት ስሌት ውስጥ ከገቡ ፈተናው ፈተና አይደለም።

ፓይለቷ፦
ተራራውን በአንድ ከፍታ እንዳትበሩት! ሸንተረሩ ወደ ካሜራው ሲጠጋ ፎቶው የሚሸፍነው ቦታ ይጠባል፣ መደራረቡ ያንሳል፣ ሶፍትዌሩም ፎቶዎቹን ማገጣጠም ያቅተዋል። መሬቱን ተከትሎ የሚወጣና የሚወርድ የበረራ ፕላን ሥሩ። ብሎኮቹም (ቦታው ለበረራ የሚከፋፈልባቸው ክፍሎች) ድንበራቸው ላይ ቢያንስ ሁለት መስመር ይደራረቡ። ከዓይን እይታ ውጭ ለመብረር በብዙ አገር የተለየ ፈቃድ ስለሚያስፈልግ ወረቀቱን ዛሬውኑ ጀምሩት።

ዳታ ክፍል፦
ስለ ዳታው እኔ ልንገርህ፣ ትልቅ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ሁለት ዲስክ ላይ ሳይገለበጥና ሳይረጋገጥ ማንም ሚሞሪ ካርድ አያጥፋ፤ ሁለቱ ዲስኮችም አንድ መኪና ውስጥ አይደሩ። ቡድኑ ከሜዳ ሳይነሳ የፎቶው ቁጥር ከጂኤንኤስኤስ ፋይሉ (ድሮኑ የነበረበትን ቦታ ከሳተላይት የሚመዘግበው) ላይ ካለው የቀረጻ ምልክት ጋር እኩል መሆኑን ያይ። ካልገጠመ የትኛው ፎቶ የት እንደተነሳ ይዛባል፣ ያን ከወር በኋላ ፈልጎ ማግኘት መከራ ነው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ የመጀመሪያውን ብሎክ እስከ ኮንቱሩ ድረስ ጨርሰህ፣ ለአሠሪው አሳይተህ፣ ይሁን ሲልህ ነው ሌላውን የምታስበርረው። ቡድኖቹ ሥራ ፈትተው ቢጠብቁ እንኳ ይጠብቁ።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ደኑንስ በፎቶ መሥራት ይቻላል? ቤዝ ስቴሽኑስ (መሬት ላይ የሚተከለው የሳተላይት መቀበያ) አንድ ይበቃል?

ቀያሽ፦
ጥቅጥቅ ያለ ደን ከሆነ ፎቶው የሚያየው የዛፉን አናት ነው፤ ኮንቱሩም የቅጠሉ ኮንቱር ይሆናል። ለዚያ ክፍል ሊዳር (በሌዘር ጨረር ርቀት የሚለካ መሣሪያ) አስገባ፣ ጨረሩ በቅጠሉ ክፍተት ገብቶ መሬቱን ይነካል።

ቤዝ አንድ አይበቃም። ድሮኑ ከቤዙ በራቀ ቁጥር የፒፒኬ ስሌቱ (ከበረራ በኋላ የድሮኑን ቦታ በቤዙ ዳታ የሚያርመው) ይዳከማል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ቦታውን በሙሉ የሚሸፍኑ ነጥቦችን በአንድ ኔትወርክ አስልተህ ቤዞቹን እነሱ ላይ ብቻ ትከል። ሦስቱም ቡድን አንድ ዓይነት የጂኦይድ ሞዴል (የሳተላይቱን ከፍታ ወደ ባሕር ወለል ከፍታ የሚቀይር) ይጠቀሙ። አንዱ ቡድን የኤሊፕሶይድ ከፍታ (ሳተላይቱ የሚሰጠውን) ሌላው የባሕር ወለል ከፍታ ይዞ ከመጣ፣ ብሎኮቹ በብዙ ሜትር ሊለያዩ ይችላሉ።