እንግዳው አዘዞን በመስኮት አይቶ እንዳያልፍ፦ የማኅበራችን የዕቅድ ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እንግዶች ከተለመደው ውጭ የት እንዲጎበኙ የምናቀርበው የጋራ ሐሳባችን እስከ አርብ ማለቅ አለበት። ባለፈው ስብሰባ በጎንደር ዙሪያ ብዙ እንግዳ የማይደርስባቸው ሦስት ቦታዎች ተነስተው ነበር፤ ቁስቋም፣ ወለቃና አዘዞ። እኔ አዘዞ ይቅደም እላለሁ። በአውሮፕላን የመጣ እንግዳ አዘዞን ሳያቋርጥ ጎንደር አይገባም። በመኪና ከባሕር ዳር የመጣውም እንዲሁ። ግንቡን፣ የፋሲልን መዋኛ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያያል፤ ከዚያ በመጣበት መንገድ ይመለሳል። አዘዞ ላይ አንድ ሲኒ ቡና እንኳ አይጠጣም። ይህ ነገር ሁልጊዜ ያንገበግበኛል። እስቲ ሐሳባችሁን ጻፉ።

አስጎብኚ አባል፦
ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ግን እንግዳውን ቅር እንዳናሰኘው እሰጋለሁ። ቁስቋም ብንወጣ የእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት ግድግዳ ቆሞ ይታያል። ቦታውም እ.ኤ.አ. በ1979 ከግንቡ ጋር በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ወለቃ ብንሄድ የቤተ እስራኤል ታሪክ አለ፣ ሸክላው አለ። አዘዞ ያለው ግን ፍርስራሽ ነው። «ቤተ መንግሥት እናሳይህ» ብለን ወስደን ሣር የዋጠው ድንጋይ ብናሳየው ምን ይለናል?

የታሪክ መምህር፦
ልጄ፣ ስጋትህ ይገባኛል። ስለዚህ «ቤተ መንግሥት» አንበለው። ያለውን እንንገረው፤ ያለው ደግሞ ትንሽ አይደለም።

ፋሲል ጎንደርን የቆረቆረው እ.ኤ.አ. በ1636 ነው። አዘዞ ከዚያ በፊት የአባቱ የአፄ ሱስንዮስ ቦታ ነበር። ሱስንዮስ ገነተ ኢየሱስን ያሠራው እዚያ ነው። ስሙ እንደሚለው ገነት ነበር፤ የአትክልት ቦታና የውሃ ገንዳ ነበረው። የስፔን አርኪዮሎጂስቶች መጥተው ቦታውን ቆፍረው አጥንተውታል። እኛ ግን ለልጆቻችን እንኳ አላሳየነውም። በኖራ የታሰረ የድንጋይ ግንብ በአገራችን የተስፋፋው በዚያ ዘመን፣ ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን በነበሩበት ጊዜ ነው። የፋሲልን መዋኛ አይቶ የተደነቀ ሰው የአባትየውን ገንዳ ቢያይ ጥበቡ ከየት እንደመጣ ይገባዋል።

ደግሞ የሰውየው ታሪክ አለ። ሱስንዮስ ካቶሊክ ሆነ፣ አገሩ ተነሳበት፣ ብዙ ደም ፈሰሰ። እ.ኤ.አ. በ1632 «ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ» ተብሎ ዙፋኑን ለልጁ ለቀቀ። በዚያው ዓመት ሞተ። የተቀበረውም ገነተ ኢየሱስ ነው። የልጁን ግንብ ለማየት ሰው ውቅያኖስ ይሻገራል። አባትየው ግን መንገድ ዳር ተኝቶ ዘወር ብሎ የሚያየው የለም።

አስጎብኚ አባል፦
መምህር፣ እንዲህ ከተነገረማ ድንጋዩም ይበቃል። የሃይማኖቱን ጉዳይ ግን እንዴት እንንገረው? ስሱ ነው።

የታሪክ መምህር፦
ሳናጋንንም ሳንሸፍንም። የሆነው ይነገር፣ ማንም አይሰደብ።

የአዘዞ ነዋሪ አባል፦
እኔ ሰፈሬ ስለሆነ ልናገር። ቅሪቱ ያለበት ተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሰው ዘው ብሎ አይገባም። ዓምና አንድ አስጎብኚ በቅዳሴ ሰዓት እንግዳ ይዞ መጥቶ ተመልሷል፤ ልጁም አፈረ፣ እንግዶቹም ተከፉ። አስቀድመን የደብሩን አስተዳዳሪ እናናግር። ሰዓቱ ይወሰን። ነጠላ የሌላት ሴት እንግዳ የምትለብሰው ነጠላ በር ላይ ይዘጋጅ። የሚከፈል ነገር ካለም በደረሰኝ ይሁን፤ በእጅ የሚሰጥ ገንዘብ ሰው ያጣላል።

ሌላው፣ አዘዞን ፍርስራሽ ብቻ አታድርጉት። የመተማው መንገድና የጎርጎራው መንገድ የሚገነጠለው እኛ ጋ ነው። የደምቢያ ጤፍና ሽምብራ በእኛ በኩል ነው የሚያልፈው። እንግዳ የከተማውን ጓዳ ማየት ከፈለገ ገበያችን ይምጣ። ቡናውን እኛ ሴቶቹ እናፈላለን። ቄጠማ ጎዝጉዘን፣ ቆሎ አቅርበን፣ እስከ በረካ።

የሚኒባስ ሹፌር አባል፦
እትዬ፣ እስከ በረካ ከሆነ በረራው ያመልጠዋል! የምሬን ነው፤ ሰዓቱን እናስላ። እኔ መምህር ባለፈው ስብሰባ ጉብኝቱ በመጀመሪያው ቀን ይሁን ባሉት አልስማማም። ሰው ከአውሮፕላን ሲወርድ ደክሞታል፣ ሻንጣው ተጭኗል፣ አልጋውን ነው የሚያስበው። በመመለሻው ቀን ይሁን። አዘዞ ከጎንደር ፒያሳ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ መንገዱም ያው ነው። ሆቴሉን ከወትሮው በሦስት ሰዓት ተኩል ቀደም ብሎ ቢለቅ ገነተ ኢየሱስን አይቶ፣ ቡና ጠጥቶ ይሄዳል።

የታሪክ መምህር፦
እኔ አባት ከልጅ ይቅደም ብዬ ነበር። ግን ሹፌራችን ልክ ነው፤ የደከመ ሰው ታሪክ አይሰማም። ብቻ ሲገባ፣ መኪናው አዘዞን ሲያልፍ፣ አስጎብኚው «ይህን ቦታ ልብ በሉት፣ ስትመለሱ እንቆምበታለን» ይበላቸው።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ጥሩ። እስካሁን ከተባለው ይህን ጻፍኩ፤ የጎደለ ካለ ጨምሩ፦

«ወደ ጎንደር የሚመጡ እንግዶች በመመለሻቸው ቀን አዘዞ ላይ ለሦስት ሰዓት ያህል እንዲቆዩ ማኅበራችን ሐሳብ ያቀርባል። ጉብኝቱ የገነተ ኢየሱስን ቅሪት፣ ገበያውንና በአካባቢው ሴቶች የሚዘጋጅ የቡና ሥነ ሥርዓት ይይዛል። ቅሪቱ እንዳይረገጥ የእግር መንገድ ይለይለት። በአማርኛና በእንግሊዝኛ አጭር ጽሑፍ ይተከልበት። አስጎብኚዎች ከመጀመራቸው በፊት ታሪኩን ይማሩ።»

ቁስቋምንና ወለቃን ለሚቀጥለው ዙር አቆይቻለሁ፤ አልጣልኳቸውም።

አስጎብኚ አባል፦
አንድ ቃል ቀይሩልኝ። «ቅሪት» ከሚለው በፊት «ከጎንደር ከተማ መቆርቆር በፊት የነበረ» ይግባበት። እንግዳውን የሚያስቆመው እሱ ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ገብቷል። መምህር፣ አስጎብኚዎቹን የሚያስተምሩት እርስዎ ነዎት። እትዬ ደግሞ ከደብሩ ጋር የሚያገናኙን እርስዎ ነዎት።

የአዘዞ ነዋሪ አባል፦
እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አብረን እንሂድ። መምህርም ይምጡ፤ ሽማግሌ ሲጨመርበት ይሻላል።