የውጭ አገር ቅርንጫፍን ማን ይምራው?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ይኸው። ድርጅት ሌላ አገር ቅርንጫፍ ሲከፍት ሥራ አስኪያጅ ከዋናው ቢሮ ይላክ ወይስ የአገሩ ሰው ይሾም? ዓመተ ምሕረት ስትጠቅሱ በአውሮፓ አቆጣጠር ይሁን።

ሻጩ፦ የአገሩ ሰው! የአሜሪካው የችርቻሮ ድርጅት ዋልማርት በ1997 ጀርመን ሲገባ ጀርመንኛ የማይችል አሜሪካዊ ላከ። የአመራሩ ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆነ። ገንዘብ ተቀባዮች ለደንበኛ ፈገግ በሉ ተባሉ፤ ገበያተኛው ግን ነገሩ ግራ ገባው። በ2006 ሱቆቹን ሜትሮ ለሚባል የጀርመን ድርጅት ሸጦ ወጣ።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ ወንድሜ፣ ፈገግታዋን አታካብዳት። ዋልማርት የሚኮራው በርካሽነቱ ነው። እዚያ ደግሞ አልዲና ሊድል የሚባሉ የጀርመን ርካሽ ሱቆች ቀድመውት ነበር። ጀርመናዊ ቢሾም እነሱ ይጠፉ ነበር?

የመጋዘን ሰው፦ እኔም ባህል ላይ መለጠፍ አልወድም። ታርጌት የሚባለው የችርቻሮ ድርጅት ከአሜሪካ ወደ ጎረቤት ካናዳ ነው የሄደው። በ2013 ገባ፣ 133 ሱቅ ከፈተ፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላው መውጣቱን አሳወቀ። ኮምፒውተሩ ላይ የገባው የዕቃ መረጃ በስህተት የተሞላ ነበር። ኢንችና ሴንቲ ሜትር ሳይቀር ተምታታ። መጋዘኑ ጢም ብሎ መደርደሪያው ባዶ!

ሻጩ፦ ኢንችና ሴንቲ ሜትርስ የአገር ልዩነት አይደለም እንዴ?

የመጋዘን ሰው፦ ሃሃ፣ እሷን ወሰድክ።

ኢንጂነሯ፦ የተላከ ሰው የተሳካለትም አለ። ጀነራል ሞተርስ ካሊፎርኒያ ፍሪሞንት ውስጥ የዘጋው የመኪና ፋብሪካ ነበር። ሠራተኛው እንደፈለገ ከሥራ ይቀራል፣ ከአለቃ ጋር ንትርክ ነው። በ1984 ከቶዮታ ጋር በሽርክና ተከፈተ። አመራሩን ቶዮታ ያዘው፤ ሠራተኛው ግን በአብዛኛው ያው የድሮው ነው። ጥራቱ ተሻሻለ፣ ከሥራ የሚቀረውም ቀነሰ። በመቶዎች የሚቆጠሩትን ጃፓን ወስደው አሠለጠኑ። ደግሞ ማንኛውም ሠራተኛ ጉድለት ካየ ገመድ ስቦ የምርት መስመሩን ማስቆም ይችላል። ለእኔ ዋናው ይኼ ነው። የፓስፖርቱን ነገር ተዉት፤ ቅርንጫፉ ውስጥ «ቁም» ማለት የሚችል አለ ወይ?

ሻጩ፦ እዚህ ላይ አሸነፍሽኝ መሰለኝ። እኔ የአንድ የውጭ ድርጅት ቅርንጫፍ ኃላፊ ነበርኩ። የአገሩ ሰው ነኝ፣ ቋንቋውን እችላለሁ። ግን አምስት በመቶ ቅናሽ ለማድረግ እንኳ ዋናውን ቢሮ ማስፈቀድ ነበረብኝ። እነሱ ከእንቅልፍ ሲነሱ ደንበኛው ሌላ ቦታ ገዝቷል።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ ቅናሹን ለአንተ ቢተዉልህ ስንቱን ትቀንስ እንደነበር ግን እኔ ነኝ የማውቀው።

ሻጩ፦ መጣ ደግሞ!