አጥማጆቹ ትንሽ ፈቀቅ ብለው ቢያጠምዱ ምን ችግር አለው?

ካርታ ሠሪው፦
ሰላም ሰዎች። ሥራዬ ካርታ ነው፤ ባሕር በሕይወቴ ያየሁት ሁለቴ ነው። መርከቦች የሚልኩትን የሳተላይት ምልክት አየሁና «እዚህ ማንም አያጠምድም» ብዬ አንድ ሰፊ ቦታ ማጥመድ ለሚከለከልበት የጥበቃ ክልል አቀረብኩ። ስብሰባው ላይ አጥማጆቹ ሊበሉኝ ደረሱ። 10 ኪሎ ሜትር ፈቀቅ ማለት ያን ያህል ከባድ ነው? የምሬን ነው የምጠይቀው።

መረብ ጠጋኝ፦
እንኳንም ጠየቅክ። 24 ዓመት አጥምጃለሁ፣ ከአባቴ ጋር የወጣሁበትን ሳልቆጥር። ያየኸው ምልክት የትልልቅ መርከብ ነው። የእኛ ትንሽ ጀልባ መሣሪያውን አይዝም፤ ስለዚህ ካርታህ ላይ የለንም።

ውሃው ከላይ ሲታይ አንድ ነው። ከሥሩ ግን ደለል አለ፣ አለት አለ፣ ሣር አለ። የእኛ አሳ የሚውለው አለቱ ጥግ ነው። ትንሽ ከሳትክ መረቡ ወይ ባዶውን ይወጣል፣ ወይ ተቀዶ። አባቴ ቦታውን ያሳየኝ በዓይን ነው፦ ረጅሙ ዛፍ ከኮረብታው ጫፍ ጋር ሲገጥም፣ በቀኝ በኩል ደግሞ ነጩ ቋጥኝ ብቅ ሲል፣ እዚያ ጣል። ዛፉ ከተቆረጠ ቆየ። እኔ ግን አሁንም ዓይኔ የሚፈልገው ዛፉን ነው።

ደግሞ ነፋስ ሲበረታ የምንሠራበት አንድ የተከለለ ጥግ አለ። በዓመት ስድስት ሳምንት ብቻ ነው። በነዚያ ስድስት ሳምንታት ግን ሌላ እንጀራ የለንም። በሌላ ጊዜ መጥተህ ብታየው ባዶ ነው ትላለህ።

10 ኪሎ ሜትሩስ? የሌላ ሰው ደጅ ነው። ነዳጁን ተወው።

ዳር ተመልካች፦
የደጁ ነገር እውነት ነው። አሜሪካ ሜይን ውስጥ ሎብስተር (ትልቅ መቆንጠጫ ያለው የባሕር እንስሳ) አጥማጆች ወሰን አልፎ ወጥመድ የጣለን ሰው መጀመሪያ ተንሳፋፊው ላይ ገመድ ቋጥረው ያስጠነቅቁታል። ካልሰማ ገመዱን ይቆርጡበታል። ሕግ ላይ የለም፤ ሁሉም ግን ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤል ሽልማት ያገኘችው ኤሊኖር ኦስትሮም የጻፈችላቸው የቱርክ አላንያ አጥማጆች ደግሞ በዕጣ ነበር የተስማሙት። መስከረም ላይ ዕጣ ያወጡ ነበር፤ ከዚያ እያንዳንዱ በየቀኑ ወደሚቀጥለው ቦታ ይዞር ነበር። ጥሩው ቦታ ለሁሉም ይደርስ ነበር።

ግን መረብ ጠጋኝ፣ አትቆጣኝና፣ ጥበቃም ያስፈልጋል። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1992፣ አሳው ስላለቀ፣ የኒውፋውንድላንድን የኮድ አሳ ማጥመድ ስታቆም ወደ 30 ሺህ ሰው ሥራ ፈታ።

መረብ ጠጋኝ፦
አልቆጣም። እዚያም እኮ በትንንሽ ጀልባ ዳርዳሩን የሚያጠምዱት «አሳው እያለቀ ነው» ብለው ቀድመው ጮኸው ነበር። ማን ሰማቸው?

ካርታ ሠሪው፦
እሺ፣ አፈርኩ። ለሚቀጥለው ስብሰባ ምን ይዤ ልሂድ?

መረብ ጠጋኝ፦
አንድ ካርታ አይበቃም፤ ለየወቅቱ ለየብቻ አትም። «የት ታጠምዳላችሁ?» ካልክ ማንም አይነግርህም። «ነፋሱ ሲመጣ ወዴት ትሸሻላችሁ?» በል። ጀልባ የሌላቸውንም አትርሳ። ውሃው ሲሸሽ በእግራቸው ሸርጣን የሚለቅሙት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ ስብሰባ ላይ ማንም አይጠራቸውም።

ካርታ ሠሪው፦
አመሰግናለሁ። የአባትህን ቦታ ምልክት ላድርግልህ?

መረብ ጠጋኝ፦
ሰፋ አድርገህ ክበበው። መሀሉን አልነግርህም።