ኮሮላዬ ጠዋት ጠዋት ተነስቶ ይጠፋል፤ ከሞቀ በኋላ ግን ምንም የለበትም

ጠያቂው፣ ከደብረ ማርቆስ

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ በፈረንጆች 1994 የተሠራ ቶዮታ ኮሮላ ነው። ሞተሩ 4ኤ-ኤፍኢ፣ ቤንዚን፣ ኢንጀክሽን። እኔ እጅ ከገባ ስምንት ዓመት ሆነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ መንገድ ላይ ጥሎኝ አያውቅም። ዘንድሮ ግን ከጥቅምት ወዲህ ጠዋት ጠዋት አስቸገረኝ።

ባለቤቴ ነርስ ናት። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ከቤት መውጣት አለብን። የማርቆስን የኅዳር ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሣሩ ላይ ውርጭ ይታያል። የፊት መስታወቱን ጠርጌ ነው የምንገባው። ቁልፍ ስሰጠው ሞተሪኖው ደህና አድርጎ ያዞረዋል፣ ሞተሩም ወዲያው ይነሳል። ሁለት ሦስት ሰከንድ ይሄዳል። ከዚያ እንደሚያስነጥስ ሰው ይሆንና ይጠፋል። እንደገና ስሞክር ያው ነው። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው፣ ነዳጅ መርገጫውን በእግሬ እየነካካሁ ካባበልኩት ይይዛል። አንዳንድ ቀን እሱም አይሆንም። ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ ሁለት ቀን በባጃጅ ሄዳለች፤ አንዱን ቀን ከተራዋ ዘግይታ ደረሰች።

አንዴ ከሞቀ በኋላ እንከን የለበትም። ሚኒሞው ቀጥ ያለ ነው፣ ዳገት ላይ ጉልበቱ አልቀነሰም። ቀን ለአራት ሰዓት ያህል ቆሞ ቢቆይ እንኳ በአንድ ቁልፍ ይነሳል። ባሕር ዳር ሁለት ሌሊት አድሮ በሁለቱም ጠዋት በሁለተኛው ቁልፍ ተነስቷል።

እስካሁን ካንዴላዎቹ፣ የአየርና የነዳጅ ፊልትሮው፣ ባትሪው ተቀይረዋል። አንድ ጋራዥ «የነዳጅ ፖምፓ ነው» አለኝና ፖምፓው ተቀየረ። ለውጥ የለም። ቀጥሎ «የሙቀት ሴንሰር ነው» ተባለና እሱም ተቀየረ። ለውጥ የለም። በመጨረሻ «ከፍታው ነው፣ ቻለው» አሉኝ። ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር መብራት አይበራም። የሙቀት መለኪያውም በትክክል ወደ መሐል ይወጣል።

ብሩ አይደለም የቆጨኝ። ከዚህ ሁሉ ዕቃ አንዱንም ሳይለኩ መቀየራቸው ነው። እባካችሁ የምታውቁ ምከሩኝ።

ሹፌር፣ ከፍኖተ ሰላም

የነዳጅ ግፊት ሌሊት እየወረደ ይሆናል። ቁልፉን ሳታስነሳ ክፈተው፣ ሦስት ሰከንድ ጠብቅና ዝጋው። ሦስት ጊዜ እንዲህ አድርግና አስነሳ። ፖምፓው መስመሩን ይሞላልሃል። ካልሆነ የአየር መግቢያውን ጉሮሮ አስጠርገው። የእኔ ቪትዝ በካርቦን ተዘግቶ ልክ እንዲህ ያደርገኝ ነበር፤ ሲጠረግ ለቀቀው።

ከእንጅባራ

እኔ ከፍታው ነው ከሚሉት ጋር ነኝ። በፊት ኮሮላ ዲኤክስ ነበረኝ። እዚህ እንጅባራ ጠዋት ጠዋት ያንገላታኝ ነበር። ቆላ ስወርድ ሌላ መኪና ይሆናል። ካርቡራቶሩን (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለውን ዕቃ) ለደጋ ሲያስተካክሉልኝ ተሻለኝ።

መካኒክ፣ ከቡሬ

ወንድሜ፣ አጻጻፍህ ግማሹን ሥራ ሠርቶልኛል። ኢንጀክሽን መሥራት ከጀመርኩ 20 ዓመት አልፎኛል፤ እንዲህ ለይቶ የሚነግረኝ ባለመኪና ጥቂት ነው።

መጀመሪያ የከፍታውን ነገር እንጨርሰው። የእንጅባራው ወንድማችን ያለው ለካርቡራቶር እውነት ነው። ማርቆስ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ቢሆን ነው። ካርቡራቶር ይህን አያውቅም፣ ነዳጁን እንደ ቆላው ይሰጣል። ያንተ ሞተር ግን የማኒፎልዱን (አየር ወደ ሞተሩ የሚገባበትን ቱቦ) ግፊት የሚያነብ ሴንሰር አለው። ኮምፒዩተሩ በዚያ ነዳጁን ራሱ ይመጥናል። ደግሞ ማስረጃውን አንተው ሰጥተኸናል። ቀን ማርቆስ ላይ በአንድ ቁልፍ ይነሳል። ከተማው ከጠዋት እስከ ቀትር ከፍታውን አይቀይርም፤ የሚቀየረው ብርዱ ነው።

የፍኖተ ሰላሙ ሹፌር ምክር ለብዙ መኪና ይሠራል። የዚያ ዘመን ቶዮታዎች ብዙዎቹ ግን ቁልፍ ስትከፍት ብቻ ፖምፓቸው አይዞርም። ሞተሪኖው ሲያዞር ነው የሚነሳው። ስለዚህ ቁልፉን አሥር ጊዜ ብትከፍት መስመሩ አይሞላም። ኮፈኑ ሥር ባለችው የምርመራ ሳጥን ውስጥ ፕላስ ቢ እና ኤፍፒ የሚሉትን ሁለቱን በሽቦ አገናኝተህ ቁልፍ ስትከፍት ግን ይዞራል። አንድ ጠዋት እንደዚያ ለአምስት ሰከንድ አዙረው፣ ሽቦውን አውጣና አስነሳ። አሁንም ከጠፋ ግፊት አይደለም።

ቀጥሎ ይህን እይልኝ። ሞተሩ እንደተነሳ መርገጫውን ሳትነካካ ትንሽ ብቻ ረግጠህ ያዘው። እንደዚያ ይዘኸው ደህና ከሄደ የጎደለው አየር ነው፤ የሚኒሞ ቫልቩ ቆሽሿል ማለት ነው። ይዘኸውም እያስነጠሰ ወደ አየር መግቢያው የሚተኩስ ከሆነ የጎደለው ነዳጅ ነው።

ዋናው ጥያቄዬ አሁን ነው። የተቀየረልህ ሴንሰር ስንት ሽቦ ነበረው?

4ኤ-ኤፍኢ ላይ የውኃ ሙቀት የሚያነቡ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች አሉ። ባለ አንድ ሽቦው ለዳሽቦርዱ ቀስት ነው። ባለ ሁለት ሽቦው ለኮምፒዩተሩ ነው። አንዱ ሌላውን አያውቀውም። ቀስቱ በትክክል መውጣቱ ኮምፒዩተሩ እውነቱን አውቋል ማለት አይደለም። ቤንዚን በብርድ ቶሎ አይተንም፣ ማኒፎልዱ ግድግዳ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ብርድ መሆኑን ሲያውቅ አብዝቶ ይረጫል። ሞተሩ ሙቅ ነው ብሎ ካመነ ግን የሙቅ ሞተር ቀለብ ነው የሚሰጠው።

ጠያቂው፣ ከደብረ ማርቆስ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ በጨለማ ተነስቼ ያዘዙኝን ሠራሁ።

ፖምፓውን በሽቦ አዞርኩት፤ ከኋላ ወንበር ሥር ሲዞር ድምፁ ይሰማኛል። ሞተሩ ግን ተነስቶ ጠፋ። መርገጫውን ይዤ ሞከርኩ፤ ይተኩሳል፣ ሁለት ጊዜ በጣም ጮኸ። ከዚያ የእጅ ባትሪ ይዤ ኮፈኑ ሥር ገባሁ። አዲሱ ሴንሰር ወርቃማ ሆኖ ያበራል። አንድ ሽቦ ነው ያለው! ባለ ሁለት ሽቦው ከዲስትሪቢዩተሩ አጠገብ ዘይትና አቧራ ለብሶ፣ ማንም ሳይነካው ተቀምጧል።

ፊዚክስ አስተማሪ ስለሆንኩ ከላብራቶሪ ቴስተርና ቴርሞሜትር በፈቃድ ተውሼ ነበር። አየሩ 7 ዲግሪ። ሶኬቱን ነቅዬ ሴንሰሩን ስለካው 340 ኦም አለኝ። ይህ ምን ማለት ነው? የሞተር መብራቱስ ለምን አልበራም? ሶኬቱን ነቅዬ ባስነሳውስ?

መካኒክ፣ ከቡሬ

ተገኘ።

በ20 ዲግሪ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም ማንበብ ነበረበት። በ0 ዲግሪ ደግሞ ከ4,000 በላይ። 340 ማለት የ80 ዲግሪ ገደማ ንባብ ነው። ውርጭ ላይ አድሮ ለኮምፒዩተሩ «ልፈላ ደርሻለሁ» እያለው ነው።

መብራቱ ያልበራው ለዚህ ነው። ኮምፒዩተሩ ኮድ 22 የሚመዘግበው ሽቦው ሲበጠስ ወይም ሲነካካ ነው። 340 ኦም ለእሱ ደህና ቁጥር ነው። የዳያግኖሲስ ማሽን ቢሰካም «ጥፋት የለም» ይልሃል። ስንቱ መኪና በዚህ ምክንያት ያላጠፋው ዕቃ ሲቀየርበት አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛል።

ሶኬቱን መንቀል አይጠቅምህም። ሲነቀል ኮምፒዩተሩ 80 ዲግሪ ነው ብሎ ይገምታል፤ ያው በሽታ ነው። አዲስ ከመግዛትህ በፊት ግን በሳንቲም የምታረጋግጥበት መንገድ አለ። ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ሂድና የ3.9 ኪሎ ኦም (3,900 ኦም) ሬዚስተር ጠይቅ፤ ለኮምፒዩተሩ የብርድ ንባብ ይሰጠዋል። ጠዋት ሁለቱን እግሮቹን በተነቀለው ሶኬት ሁለት ቀዳዳ ሰካቸው፣ አስነሳ። ከተነሳ ተረጋገጠ። ብቻ ሁለት ደቂቃ እንዳታልፍ፣ እንዳትነዳበትም። ሞተሩ ሲሞቅ ነዳጅ ይበዛበትና ካንዴላህን ያጠቁረዋል።

ጠያቂው፣ ከደብረ ማርቆስ

ጋሼ፣ እንዴት ብዬ ልንገርዎት።

ሬዚስተሩን ሬዲዮ ጠጋኙ ከአሮጌ ሬዲዮ ነቅሎ በነፃ ሰጠኝ። የሩዝ ፍሬ የምታክል ነገር ናት። ጠዋት ቴርሞሜትሩ 6 ዲግሪ ይላል። እጄ ደንዝዞ ሁለት ጊዜ ሣሩ ውስጥ ጣልኳት፤ ባለቤቴ በስልኳ መብራት አገኘችልኝ። ሰካኋት፣ መርገጫውን ሳልነካ ቁልፍ ሰጠሁት። ተነሳ። ድምፁ ከፍ ብሎ፣ ሳያስነጥስ፣ ቀጥ ብሎ ሄደ። ከሁለት ወር ወዲህ ያን ድምፅ አልሰማሁትም ነበር። ባለቤቴ በሩን ይዛ ቆማ «ይኸው ነው? ይቺው ናት?» አለችኝ።

ባለ ሁለት ሽቦውን ሴንሰር አዘዝኩ። ሲመጣ ራሴ ልግጠመው ወይስ ላምጣልዎት?

መካኒክ፣ ከቡሬ

ከማርቆስ ቡሬ ድረስ ለዚህ አትምጣ። ራስህ ትገጥመዋለህ።

ሞተሩ ሌሊቱን ቀዝቅዞ ባደረበት ጠዋት ሥራው። የራዲያተሩን ክዳን መጀመሪያ ክፈት፣ ግፊት እንዳይኖር። አሮጌውን ስትፈታ ትንሽ ውኃ ይፈስሳል፤ አዲሱን አጠገብህ አዘጋጅተህ ቶሎ ተካው። ሮንዴላው አዲስ ይሁን። የሚገባበት ቤት አሉሚኒየም ነው፤ በጉልበት ካጠበቅኸው ጥርሱ ይበላል። በእጅህ እስኪቆም አስገባ፣ ከዚያ በመፍቻ ትንሽ ብቻ ጨምር። የጎደለውን ውኃ ሞልተህ፣ አየሩ እስኪወጣ ክዳኑን ክፍት አድርገህ አስነሳው። ደግሞ ከመግጠምህ በፊት አዲሱንም ለካው። አዲስ ሆኖ የማይሠራ ብዙ መጥቶብኛል።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ራዲያተርህ ውስጥ የምትጨምረው ምንድን ነው?

ጠያቂው፣ ከደብረ ማርቆስ

የቧንቧ ውኃ ነው ጋሼ። ስምንት ዓመት ሙሉ።

ሴንሰሩን ትናንት ገጠምኩት። በፊት ግን በድስት ውኃ ውስጥ ፈተንኩት። በ20 ዲግሪ 2,450 ኦም፣ በ80 ዲግሪ 310። (ማርቆስ ላይ ውኃ ወደ 92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ 80ን አልፎ እንዳይሄድብኝ ዓይኔን ከቴርሞሜትሩ አልነቀልኩም።) አሮጌውን በዚያው ውኃ ስከተው፣ ቀዝቃዛም ሙቅም ላይ ከ300 እስከ 350 ባለው መሐል ነው የሚዋልለው። ጫፉ ላይ እንደ ጀበና ቂጥ ነጭ ነገር ተጋግሮበታል።

ዛሬ ጠዋት 7 ዲግሪ ነበር። በአንድ ቁልፍ ተነሳ። መጀመሪያ ድምፁ ከፍ ይላል፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆይቶ ቀስ እያለ ይወርዳል። ይህ ትክክል ነው? ባለቤቴ ከሰዓቷ አሥር ደቂቃ ቀድማ ገብታለች።

መካኒክ፣ ከቡሬ

ትክክል ነው። ሲሞቅ ነው የሚወርደው።

ነጩ ነገር ከቧንቧው ውኃ የመጣ ነው። ቅዳሜ ራዲያተሩን ሙሉ በሙሉ አፍስሰው፣ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ እጠበው። ከዚያ ኩላንት ከተጣራ ውኃ ጋር ግማሽ በግማሽ ሙላበት። የሚወጣውን ውኃ በባልዲ ተቀበለውና ቀለሙን ንገረኝ። ቡናማ ከሆነ ቴርሞስታቱንም እናየዋለን።