የፊደል ገበታው ባትሪ ለምን ቶሎ ያልቃል? የንክኪ ቁልፎችን እየመረጡ ስለ ማንቃት

ጥያቄ፦ መምህር ዘደሴ

ሰላም ለዚህ መድረክ ተሳታፊዎች በሙሉ። ደሴ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ላለፉት ጥቂት ወራት ከሥራ ሰዓት ውጭ ለአንደኛ ክፍል ልጆች የሚሆን፣ ሲነኩት የሚናገር የፊደል ገበታ ስሠራ ቆይቻለሁ። 231ዱንም ሆሄያት ለየብቻ የንክኪ ቁልፍ ማድረግ ከአቅሜ በላይ ስለነበር ገበታውን በሁለት ከፈልኩት፤ በግራ በኩል ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ያሉት 33 ፊደላት፣ በቀኝ በኩል ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት 7 እርከኖች ተቀምጠዋል። ልጁ መጀመሪያ «መ»ን፣ ቀጥሎ «ራብዕ»ን ሲነካ ገበታው «ማ» ይላል።

ቁልፎቹ ከስስ ፕላስቲክ ሥር የተለጠፉ የመዳብ ቁራጮች ናቸው። 40ዎቹን ቁልፎች የሚያነቡት እያንዳንዳቸው 12 ኤሌክትሮድ (የመዳብ ቁራጭ) የሚቀበሉ 4 ኤምፒአር121 ቺፖች ሲሆኑ፣ ሽቦዎቹን ያገናኘኋቸው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተራ ነው፤ በዚህም ምክንያት ሦስተኛው ቺፕ 9 ፊደላትንና 3 እርከኖችን፣ አራተኛው ደግሞ የቀሩትን 4 እርከኖች ይዟል። አራቱንም የሚመራው የኢኤስፒ32 ሰሌዳ በየ50 ሚሊ ሰከንዱ ከቀላል እንቅልፍ እየነቃ የተነካ ቁልፍ መኖር አለመኖሩን ይጠይቃቸዋል። የድምፅ ማጫወቻው ሥራ በሌለበት ጊዜ በትራንዚስተር እንዲቋረጥ አድርጌያለሁ። ኃይል የሚሰጡት በተከታታይ የተያያዙ ሁለት የሊቲየም ባትሪዎች ሲሆኑ መጠናቸው 3000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ነው።

ችግሬ ባትሪው በ9 ቀን ማለቁ ነው። ልጆቹ በቀን ከ20 ደቂቃ በላይ አይጠቀሙበትም፤ በቀረው ጊዜ ሁሉ 40ው ቁልፎች ማንም ሳይነካቸው ሲነበቡ ውለው ሲነበቡ ያድራሉ። በትምህርት ቤታችን መብራት በየጊዜው ስለሚቋረጥ ገበታው አንዴ ከተሞላ ቢያንስ ሁለት ወር እንዲቆይ እፈልጋለሁ። ያሰብኩት መፍትሔ፣ ልጆቹ ፊደሉን በተራ ስለሚያጠኑ፣ «ለ» ከተነካ በኋላ «ሐ»ንና «መ»ን ብቻ አንቅቶ ሌሎቹን ማስተኛት ነው። ይህ መንገድ ያዋጣል? የሚያውቅ ቢመክረኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦ ኤሌክትሪካል ከኮምቦልቻ

መምህር፣ በመጀመሪያ ለልጆቹ ስላሰቡት እግዜር ይስጥልኝ። መርጦ ማንቃት የሚለው ሐሳብዎ ትክክል ነው፤ የማልስማማው በአመራረጡ ላይ ነው።

ቺፑ እያንዳንዱን የመዳብ ቁራጭ በጥቂት ማይክሮ አምፒር ኃይል ይሞላና የደረሰበትን ቮልቴጅ ይለካል። ጣት ሲቀርብ የቁራጩ ካፓሲታንስ (ኤሌክትሪክ የመያዝ አቅሙ) በጥቂቱ ስለሚጨምር በዚያው ኃይል የሚደርስበት ቮልቴጅ ዝቅ ይላል፤ ንክኪ የሚታወቀውም በዚህ ነው። እያንዳንዱ ልኬት ዋጋ አለው፤ ስለዚህ ጣት ሊመጣበት የማይችለውን ቦታ አለመለካት እውነተኛ ቁጠባ ነው። ነገር ግን «ሊመጣበት የማይችለው» የሚለውን መወሰን ያለበት የመሣሪያው ሁኔታ እንጂ ስለ ልጁ ያለን ግምት አይደለም። «ለ»ን የነካ ልጅ ቀጥሎ በስሙ መጀመሪያ ያለውን ፊደል ፍለጋ ወደ ታች ቢወርድና ገበታው ዝም ቢለው፣ ቁልፉ ተኝቷል ብሎ አያስብም፤ ተሳሳትኩ ብሎ ነው የሚያስበው። ለማስተማር የተሠራ መሣሪያ በትክክል ለነካው ልጅ ዝም ሊለው አይገባም።

የእርስዎ ገበታ ግን በተፈጥሮው ሦስት ሁኔታዎች አሉት። ማንም በሌለበት ጊዜ የትኛው ፊደል እንደሚነካ ማወቅ አያስፈልግም፤ አንድ ሰው መቅረቡን ማወቅ ብቻ ይበቃል። ኤምፒአር121 ለዚሁ የሚሆን ነገር አለው፤ 12ቱንም ኤሌክትሮዶች በውስጡ አገናኝቶ እንደ አንድ ትልቅ ኤሌክትሮድ፣ እንደ 13ኛ ማለት ነው፣ ሊያነባቸው ይችላል። እጅ ሲቀርብ ወደ ሁለተኛው ሁኔታ ተሻግረው 33ቱን ፊደላት ለየብቻ ያነባሉ፤ በዚህ ጊዜ የእርከን ቁልፎች ትርጉም ስለሌላቸው ሙሉ በሙሉ ይቆማሉ። ፊደል ከተመረጠ በኋላ ደግሞ በፍጥነት መነበብ ያለባቸው 7ቱ እርከኖች ናቸው፤ ልጁ ሐሳቡን ቀይሮ ወደ ፊደላቱ ቢመለስ እንዲታወቅ የፊደላቱ ቺፖች በተገናኘው ኤሌክትሮድ ብቻ ይጠብቃሉ።

ለዚህ ግን ሽቦውን እንደገና ማደል ግድ ይሆናል። ይህ ቺፕ ከመካከል አንዱን ቁልፍ ለይቶ ማንቃት አይችልም፤ የሚቀበለው «ከዜሮ ጀምሮ እስከዚህ ድረስ» የሚል ትእዛዝ ነው። አሁን ሦስተኛው ቺፕዎ ፊደልንና እርከንን ስለቀላቀለ በየትኛውም ሁኔታ ማረፍ አይችልም። 33ቱን ፊደላት 11፣ 11፣ 11 አድርገው ለሦስት ቺፖች ያከፋፍሉ፤ 7ቱን እርከኖች ለአራተኛው ይስጡ።

የቺፑ የመረጃ ሰነድ እንደሚለው በየ16 ሚሊ ሰከንዱ ሲለካ 29 ማይክሮ አምፒር፣ በየ128 ሚሊ ሰከንዱ ሲለካ 8፣ ሲቆም ደግሞ 3 ማይክሮ አምፒር ይወስዳል። አራቱም ሁልጊዜ በየ16 ሚሊ ሰከንዱ ቢለኩ 116 ይሆናል፤ ሦስቱ በዝግታ ሲጠብቁና አራተኛው ሲቆም ግን 27 ብቻ ነው። በመጨረሻም በየ50 ሚሊ ሰከንዱ መጠየቁን ይተዉ። ቺፖቹ ሲነኩ ዝቅ የሚያደርጉት የማሳወቂያ እግር አላቸው፤ የአራቱንም አንድ ላይ አስረው ከፕሮሰሰሩ (ከኢኤስፒ32ው) መቀስቀሻ ጋር ቢያገናኙ፣ ፕሮሰሰሩ ካልተጠራ በቀር ጥልቅ እንቅልፍ መተኛት ይችላል።

መልስ 2፦ የፒያሳ ጠጋኝ (ደሴ)

መምህር፣ ሰላምዎ ይብዛ። ከ20 ዓመት በላይ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ስጠግን ኖሬ፣ አሁን የምሠራው በአብዛኛው ስልክ ነው። የኮምቦልቻው ወንድማችን የተናገረው ሁሉ ልክ ነው፤ ሽቦ ከመፍታትዎ በፊት ግን ሒሳቡን አብረን እንይ።

9 ቀን 216 ሰዓት ነው። 3000ን ለ216 ሲያካፍሉ በአማካይ ወደ 14 ሚሊ አምፒር ይመጣል። አራቱ የንክኪ ቺፖች በሙሉ ፍጥነት ሲሠሩ የሚወስዱት 116 ማይክሮ አምፒር (0.116 ሚሊ አምፒር) ነው፤ ይህም ከ14 ሚሊ አምፒር አንድ መቶኛ እንኳ አይሞላም። ዳሳሾቹን ጨርሰው ቢነቅሏቸው እንኳ ባትሪው በ9ኛው ቀን ያልቅ ነበር።

የሚበላው ሌላ ነው። በአብዛኞቹ የኢኤስፒ32 ሰሌዳዎች ላይ ያለው ሪጉሌተር (የባትሪውን ቮልቴጅ ለቺፖቹ ዝቅ የሚያደርገው) ኤኤምኤስ1117 የሚባለው ሲሆን፣ ምንም ሥራ ሳይኖረው ለራሱ ብቻ ወደ 5 ሚሊ አምፒር ይወስዳል። በዚያ ላይ ቀን ከሌት የምትበራው ቀይ መብራትና ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው ቺፕ አሉ። ፕሮሰሰሩ ራሱ የዋይፋይ ሬዲዮው ጠፍቶም ቢሆን ነቅቶ በቆየባት ቅጽበት ሁሉ ከ20 ሚሊ አምፒር በላይ ይወስዳል፤ በሰከንድ 20 ጊዜ የሚቀሰቀስ ደግሞ ተኝቷል አይባልም። በጥልቅ እንቅልፍ ጊዜ ግን 10 ማይክሮ አምፒር አካባቢ ይበቃዋል። ስለዚህ እነዚህ ተጨማሪ ዕቃዎች የሌሉበትን ባዶውን የኢኤስፒ32 ሞጁል ይግዙ፤ ሪጉሌተሩን ለራሱ 4 ማይክሮ አምፒር ገደማ በሚበቃው በኤችቲ7333 ይተኩት፤ ድምፅ ማጫወቻውን ግን በዚህ ሪጉሌተር ላይ አይጫኑት፣ የራሱን መስመር ይስጡት።

ይህ ከተደረገ በኋላ ነው የወንድማችን ምክር ቦታውን የሚያገኘው። ያን ጊዜ ፕሮሰሰሩ 10፣ ሪጉሌተሩ 4፣ ዳሳሾቹ 116 ይሆናሉ፤ ትናንት ከመቶ አንድ ያልሞሉት ዛሬ ዋናዎቹ በላተኞች ናቸው ማለት ነው። እንደ እኔ አስተያየት ግን መርጦ የማንቃት ትልቁ ትርፍ ዳሳሾቹ ራሳቸው የሚቆጥቡት አይደለም። ከ116 ወደ 27 መውረዱ በሁለት ወር 130 ሚሊ አምፒር ሰዓት ያህል ያተርፋል፤ ከ3000 አንፃር መልካም ነው እንጂ ብዙ አይደለም። ትልቁ ትርፍ ከዳሳሾቹ ጥቂቱ ዘብ ሲቆሙ ፕሮሰሰሩ ያለ ሐሳብ እንዲተኛ መቻሉ ነው።

ስለ መለካት አንድ ነገር ልጨምር። መልቲሜትሩን በማይክሮ አምፒር መለኪያ ላይ አድርገው በመስመሩ ካስገቡት፣ ፕሮሰሰሩ ሲነቃ ሜትሩ ቮልቴጁን ስለሚያወርደው መሣሪያው ደጋግሞ ሊነሣ ይችላል። የሜትሩን ሁለት ጫፎች በአጭር ሽቦ አገናኝተው ያስነሡት፤ መተኛቱን ሲያረጋግጡ ሽቦውን አንሥተው ያንብቡ።

መምህር ዘደሴ፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ሪጉሌተሩን ቀይሬ፣ ሽቦውን በ11፣ 11፣ 11 እና 7 አድዬ፣ ፕሮሰሰሩን በማሳወቂያው እግር ብቻ እንዲቀሰቀስ አደረግሁ። በተባልኩት መንገድ ስለካው በእንቅልፍ ጊዜ የሚወስደው ከ60 ማይክሮ አምፒር በታች ሆኗል። እውነቱን ለመናገር፣ ችግሩ ዳሳሾቹ ናቸው ብዬ ሳምንታት ሙሉ ስደክም የሪጉሌተሩ ነገር ትዝ እንኳ አላለኝም ነበር።

አሁን ግን አዲስ ችግር ገጥሞኛል። ገበታው ከእንቅልፍ ሲነቃ የመጀመሪያው ንክኪ ይጠፋል። ልጁ ጣቱን በ«በ» ላይ ያሳርፋል፤ ገበታው ይነቃል፤ ድምፅ ግን የለም። ጣቱን አንሥቶ ሲመልሰው ይሠራል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ፣ በተለይ ጉም ባለበት ቀን፣ ያልተነካ ፊደል እንደተነካ የሚቆጥርበት ጊዜ አለ። አንዲት ተማሪዬ ሁለት ጊዜ ነክታ መልስ ስታጣ እጇን ሰብስባ ወደ እኔ ስትመለከት፣ ከላይ ስለ ዝምታው የተጻፈው ምን ማለት እንደሆነ ገባኝ።

መልስ 3፦ ከጦሳ ግርጌ

መምህር፣ እኔም የንክኪ መክፈቻ ያለው የዕቃ ሣጥን ስሠራ ይኸው ነገር አስቸግሮኝ ስለነበር ጉዳዩን አውቀዋለሁ። ሁለቱም ችግሮች ምንጫቸው አንድ ነው፤ ይኸውም የተኛ ዳሳሽ የራሱን መነሻ ዋጋ መርሳቱ ነው።

ቺፑ ንክኪን የሚያውቀው አሁን የለካውን ቁጥር፣ ጣት በሌለበት ጊዜ ከነበረው ቁጥር ጋር በማነጻጸር ነው። ይህ መነሻ ዋጋ ቋሚ አይደለም፤ ሙቀትና እርጥበት ሲለዋወጡ ቀስ እያለ ይለወጣል፣ የነቃ ዳሳሽም እግር በእግር ይከተለዋል። በእንቅልፍ ጊዜ የሚለካው የተገናኘው ትልቁ ኤሌክትሮድ ብቻ ስለሆነ ግን የ33ቱን ፊደላት ለውጥ የሚከታተል የለም።

የመጀመሪያው ንክኪ የሚጠፋበት ምክንያት እንዲህ ነው። ቺፑ ከመቆም ወደ ሥራ ሲገባ መነሻ ዋጋውን ከየት እንደሚያገኝ የሚወስኑ ሁለት ቢቶች (ዜሮ ወይም አንድ የሚደረጉ ቅንብሮች) አሉ። እርስዎ ምናልባት በብዙ ዝግጁ ፕሮግራሞች እንደሚደረገው፣ የመጀመሪያውን ልኬት እንደ መነሻ እንዲወስድ ትተውት ይሆናል። ልጁ ጣቱን እንዳሳረፈ ሲነቃ ጣቱ ያለበትን ሁኔታ «ባዶ» ብሎ ይመዘግበዋል፤ ለውጥ ስለማያይም ዝም ይላል። ሁለቱንም ቢቶች ዜሮ ያድርጓቸው፤ ያን ጊዜ ቺፑ በሬጅስተሮቹ (በማስታወሻ ቦታዎቹ) ውስጥ የቆየውን የቀድሞ ዋጋ ይጠቀማል። ዋጋዎቹን በራስዎ መጻፍ ከፈለጉ ደግሞ ቺፑ በቆመበት ጊዜ ብቻ እንደሚቀበል ያስታውሱ።

ይህ ብቻውን ግን የጠዋቱን ችግር አይፈታም፤ እንዲያውም ሊያባብሰው ይችላል። የእኔን ሣጥን ኮምቦልቻ ላይ ከሰዓት በኋላ በሙቀት አስተካክዬው፣ በሐረጎ በኩል ደሴ ወጥቶ ካደረ በኋላ ጠዋት ስከፍተው የያዘው መነሻ ዋጋ የኮምቦልቻን ከሰዓት እንጂ የደሴን ጠዋት አያውቅም ነበር። ስለዚህ የተኙትን ዳሳሾች በየተወሰነ ጊዜ ለአንዳፍታ ማንቃትና ዋጋቸውን ማደስ ያስፈልጋል፤ ይህንንም የሚያደርጉት ትልቁ ኤሌክትሮድ ማንም አለመቅረቡን ሲያረጋግጥ ብቻ ይሁን። ስንት ጊዜ ለሚለው፣ ፕሮሰሰሩ ለግማሽ ሰከንድ 30 ሚሊ አምፒር እየወሰደ ቢነቃ፣ በየ10 ደቂቃው ከሆነ በአማካይ 25 ማይክሮ አምፒር ይጨምራል፤ ይህም ዳሳሾቹን በማስተኛት ካተረፉት ከሩብ በላይ ይበላብዎታል። በየሰዓቱ ከሆነ ግን 4 ማይክሮ አምፒር ብቻ ነው፤ ለደሴ አየርም የሚበቃ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ይቀራል። ፕሮሰሰሩ ከጥልቅ እንቅልፍ ሲነሣ ፕሮግራሙን ከመጀመሪያው ስለሚጀምር ጥቂት ጊዜ ይወስዳል፤ ፈጣን ልጅ በዚያ መካከል ጣቱን ሊያነሣ ይችላል። ስለዚህ የትልቁን ኤሌክትሮድ የንክኪ ወሰን ዝቅ አድርገው እጅ ገና ሲቃረብ እንዲቀሰቅስ ያድርጉት፤ ልኬቱንም ከ128 ወደ 64 ሚሊ ሰከንድ ይመልሱት። ለእያንዳንዱ ቺፕ ከ8 ወደ 11 ማይክሮ አምፒር ያድጋል፤ ለሦስቱ 9 ብቻ መጨመር ማለት ነው። ይህንን እንዳይሰስቱት እለምንዎታለሁ፤ ለዚያች ልጅ የመጀመሪያው ንክኪ ከ9 ማይክሮ አምፒር ይበልጣል።

መምህር ዘደሴ፦

የተባለውን ሁሉ አድርጌ ለአንድ ሳምንት አየሁት። ሁለቱን ቢቶች ዜሮ ማድረጌ ብቻ የመጀመሪያውን ንክኪ በአብዛኛው መለሰው፤ ወሰኑን ዝቅ ካደረግሁ ወዲህ ደግሞ ልጆቹ ጣታቸውን ሳያሳርፉ ገበታው ነቅቶ ይጠብቃቸዋል። ወሰኑን መጀመሪያ ከመጠን በላይ ዝቅ አድርጌው ሰው በአጠገቡ ባለፈ ቁጥር ይነቃ ስለነበር፣ ከመምህሩ ጠረጴዛ ወደ ግድግዳው ጥግ አዛውሬ ጥቂት ከፍ አደረግሁት። እድሳቱን በየሰዓቱ አድርጌዋለሁ፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ግን ጉሙ የሚገፈፍበት ጊዜ ስለሆነ በየ20 ደቂቃው እንዲሆን ወስኛለሁ። የባትሪውን ቮልቴጅ በየሳምንቱ ዓርብ እየለካሁ እዚሁ እጽፋለሁ።