ጅማ መሃል ከተማ ላይ አዲስ ስታዲየም ይሠራ ወይስ ይቅር?

የአጂፕ ልጅ፦
ትናንት ቡና ላይ የተጨቃጨቅንበትን እዚህ ላምጣው። መሃል ከተማ ላይ፣ ሰው በእግሩ የሚደርስበት አዲስ የኳስ ስታዲየም ይሠራ ወይስ ይቅር? እኔ ይሠራ ባይ ነኝ። ክለባችን ጅማ አባ ጅፋር ባደገ በዓመቱ፣ በ2010፣ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ጅማ ምን እንደምትመስል ያየ ሰው አይከራከረኝም። መንገዱ በኮሪደር ልማቱ አምሯል፤ ማታ ማታ ወክ ከማድረግ ሌላ ግን ሕዝብ የሚሰበስብ ነገር አለን?

ባለ ባጃጅ፦
እደግፋለሁ። ጨዋታ ያለ ቀን የማገኘውን ሌላ ቀን አላገኘውም። አለቀ።

መሐንዲሱ፦
ወንድሞቼ፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲን ስታዲየም ረሳችሁት እንዴ? በ2013 ሊጉ በአምስት ከተሞች እየዞረ ሲካሄድ ጅማ ከአዲስ አበባ፣ ከባሕር ዳር፣ ከድሬዳዋና ከሐዋሳ ጋር የተመረጠችው በእሱ ነው። እሱ ሳይሞላ ሌላ?

ቦታውንስ አስባችሁታል? ሜዳው ብቻ 105 በ68 ሜትር ነው፤ ከ7 ሺህ ካሬ ይበልጣል። መቀመጫው፣ መውጫ መግቢያው፣ መኪና ማቆሚያው ሲጨመር የሰፈር ያህል መሬት ይበላል። ፈረንጅ አራዳን ነው የምናፈርሰው ወይስ ሂርማታን? የአዌቱ ወንዝ ዳር ነው ካላችሁ ደግሞ አፈራችንን ታውቁታላችሁ፤ ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲሆን ይሰነጠቃል። መጀመሪያ ብዙ ገንዘብ መሬት ውስጥ ነው የሚቀበረው። መሠረቱ ላይ የቆጠበ ሰው ግድግዳው ሲሰነጠቅ ያለቅሳል።

የአጂፕ ልጅ፦
በአንተ አነጋገር ጅማ ውስጥ ፎቅም ባልተሠራ ነበር!

መሐንዲሱ፦
ይሠራል፤ አይቻልም አላልኩም። ከመጀመራችን በፊት ዋጋውን እንወቅ ነው ያልኩት። አዲስ አበባ ላይ 62 ሺህ ሰው ይይዛል የተባለው አደይ አበባ ስታዲየም በ2008 ተጀምሮ 2016 አልፎም አላለቀም። ዋና ከተማው እንዲህ ከሆነ እኛ ግማሽ ላይ ብንቆምስ? መሃል ከተማ ላይ ቆርቆሮ የታጠረ ጉድጓድ ይዘን መቅረታችን ነው።

የሂርማታዋ ነጋዴ፦
ልጆቼ፣ እኔ ኳሱን አልጠላም፤ የመጨረሻ ልጄ የአባ ጅፋርን ማሊያ ለብሶ ነው የሚያድረው። ግን ‘ይፈርሳል’ የምትሉት ሱቅ የእኔ ነው። ካሳ አስቀድሞ እንደሚከፈል በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ተጽፏል፣ አውቃለሁ። ቤቱን ይተምኑታል። ሃያ ዓመት ያፈራሁትን ደንበኛ ግን በስንት ይተምኑልኛል? ከጅሬን ወርዶ በርበሬ የሚወስድ ሰው እኔን ፍለጋ ሌላ ሰፈር ድረስ አይመጣም። ገበያ ማለት እኮ ቦታ ነው።

የአጂፕ ልጅ፦
እትዬ፣ እውነትዎን ነው፤ ይህን አላሰብኩትም። ሰው የማይነሳበት ቦታ ቢገኝስ?

የሂርማታዋ ነጋዴ፦
መሃል ከተማ ላይ ሰው የሌለበት ቦታ ካገኘህማ ቀድመህ ለእኔ ንገረኝ፣ ሱቅ እከፍትበታለሁ።

ነባር ደጋፊ፦
ሁላችሁም ስለ ሲሚንቶ ታወራላችሁ። እኔ ከሌላው የጅማ ክለብ፣ ከአባ ቡና ዘመን ጀምሮ ሜዳ የምገባ ሰው ነኝ። አባ ቡና በ2009 ከፕሪሚየር ሊጉ ሲወርድ ጅማ ከተማ የሚባለው ክለብ ወደ ሊጉ አድጎ አባ ጅፋር ተባለና በተከታዩ ዓመት ቻምፒዮን ሆነ። ከዚያም በአፍሪካ ቻምፒዮንስ ሊግ ከአል አህሊ ጋር ገጥሞ ግብፅ ላይ 2 ለ 0 ቢሸነፍም የመልሱን 1 ለ 0 አሸነፈ። ወላሂ ያን ቀን ጎረቤቴን አቅፌ አልቅሻለሁ፤ የተጣላን ነበርን። በ2014 ደግሞ ወረድን። ዋንጫውን ስናነሳ አዲስ ስታዲየም አልነበረንም፤ የወረድነውም መቀመጫ አንሶን አይደለም። ክለቡ ከታች እያለ፣ ሊጉም በየከተማው እየዞረ ‘የሜዳችን ጨዋታ’ የሚባለው በጠፋበት ጊዜ፣ አዲሱ ስታዲየም ውስጥ ማን ነው የሚጫወተው? ባለ ባጃጅ፣ የምትጠብቀው ተሳፋሪ ከየት ይመጣል?

ባለ ባጃጅ፦
እሱ ላይ ያዝከኝ።

የአጂፕ ልጅ፦
ካፍስ፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽኑ? በ2014 የባሕር ዳሩን ስታዲየም ሲያግድ ዋልያዎቹ የሜዳቸውን ጨዋታ ሰው አገር ሄደው መጫወት ጀመሩ። ጅማ ደረጃውን የጠበቀ ቢኖራት ብሔራዊ ቡድኑ እዚህ ይመጣ ነበር እኮ!

ነባር ደጋፊ፦
ባሕር ዳር የጎደላት የሰው መቀመጫ መሰለህ? ካፍ የሚያየው ሣሩን፣ መብራቱን፣ መልበሻ ክፍሉን፣ የጋዜጠኛውን ቦታ ነው። ይህን ደግሞ ባለው ላይ መጨመር ይቻላል። ዩኒቨርሲቲውና ከተማው ተቀምጠው ይነጋገሩ፤ ከአዲስ ግንባታ ይረክሳል።

መሐንዲሱ፦
የሣሩን ውሃ ማስወገጃም ጨምርበት። በእኛ ዝናብ ያለ እሱ ሐምሌ ላይ ሩዝ ነው የምንዘራበት።

የአጂፕ ልጅ፦
እሺ፣ ትልቁን ስታዲየም ተውኩት። ቢያንስ በየሰፈሩ፣ ቦሳ ላይም ቆጪ ላይም፣ ታዳጊ የሚጫወትበት አንዳንድ ሜዳ ይከለል። ይህንንም ትቃወማላችሁ?

የሂርማታዋ ነጋዴ፦
ይህንንማ ማን ይቃወማል። ልጄ የት እንደሚጫወት ታውቃለህ? ኮሪደሩ ላይ፣ አዲሱ መብራት ሥር። ጥበቃው በቀደም ኳሱን ወሰደበት።

ነባር ደጋፊ፦
የትኛው ጥበቃ? እኔ ሄጄ አስመልስለታለሁ።