አስቸኳይ፦ ፎቅ ላይ ያለው ፒኤስ 4 ዋይፋይ አልይዝ አለኝ

የማርቆስ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ቶሎ መልሱልኝ በሞቴ። ዛሬ ማታ 2 ሰዓት ባሕር ዳር ካለው ወንድሜ ጋር ኳስ ልንጫወት ተቀጣጥረናል። ጌም መጫወቻው፣ ፒኤስ 4ቱ፣ ፎቅ መኝታ ቤቴ ነው፣ ዋይፋይ የሚያሰራጨው ራውተር ታች ሳሎን። እስከ ትናንት እየተንቀራፈፈም ቢሆን ይሠራ ነበር። ዛሬ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ያስወጣኛል። ራውተሩ ሁለት ስም አለው። መጨረሻው ላይ 5ጂ የሚለው ስልኬ ላይ ይታያል፣ ጌሙ ላይ ግን ጭራሽ የለም። አንድ ጠጋኝ «የጌሙ ዋይፋይ ተቃጥሏል፣ ይከፈት» አለኝ። ላስከፍተው?

የቡሬው፦
ራውተሩን አጥፋው፣ ትንሽ ቆይተህ አብራው።

የማርቆስ ልጅ፦
ሦስቴ አደረግሁት ወንድሜ።

ባለ ፒንሳው (ፍኖተ ሰላም)፦
ልጄ፣ ከሥር ከሥሩ ላስረዳህ። ፎቁ ሶሌታ ነው አይደል? ሶሌታ ውስጥ ፌሮ እንደ ወንፊት ተጠላልፎ ታስሯል። ሲሚንቶውም ፌሮውም ዋይፋይ ይውጣሉ። የጭቃ ግድግዳ ይሻላል፤ ሶሌታ ግን አይምርም። ለጌም ዋናው ፍጥነት ሳይሆን አለመቆራረጥ ነው። ስለዚህ ገመድ ዘርጋ። ፒኤስ 4 ከኋላው የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ አለው። የኔትወርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር ይሄዳል፣ ላንተ ቤት 20 ሜትር ከበቂ በላይ ነው። በደረጃው ጥግ አውጣው። በውጭ በኩል እንዳታዞረው! የጎጃም ክረምት መብረቁ ከባድ ነው፣ ራውተሩንም ጌሙንም አንድ ላይ ያቃጥልብሃል።

ከሞጣ፦
ዋይፋዩ መሆኑን በምን አወቅህ? የኢንተርኔት መስመሩ ራሱ ደክሞ ቢሆንስ? መጀመሪያ ስልክህን ራውተሩ አጠገብ ይዘህ ሞክር።

የማርቆስ ልጅ፦
ራውተሩ አጠገብ ስልኬ አሪፍ ነው። ሱቅ ሊዘጋ ነው፣ ገመዱ ለዛሬ አይደርስም ጋሼ።

የቡሬው፦
ጌሙንም አጥፍተህ አብራው።

እታለም (ደጀን)፦
ወንድምዬ፣ እንዳታስከፍተው! ፒኤስ 4ህ ወፍራሙ ነው ቀጭኑ? ከኋላው ሲዩኤች (CUH) ከሚለው ቀጥሎ ያለው ቁጥር በ1 ከጀመረ፣ በፈረንጆቹ 2013 የወጣው የመጀመሪያው ዓይነት ነው። እሱ ሲሠራም የሚይዘው 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለውን የዋይፋይ ሞገድ ብቻ ነው። 5ጂ የሚለው ባለ 5 ጊጋኸርዙ ነው፣ ላንተ ጌም ድሮም አይታይም። ቀጭኑና ፕሮ የሚባለው ሁለቱንም ይይዛሉ። ደግሞ ከ5ቱ ይልቅ ግድግዳ የሚያልፈው 2.4ቱ ነው፣ ስለዚህ አትዘን። ለመሆኑ ራውተሩ በትክክል የት ነው የተቀመጠው?

የባሕር ዳሩ ጎረቤት፦
ወንድምህ መሸነፍ ፈርቶ ጸሎት ይዞ ይሆናል 😂

የማርቆስ ልጅ፦
ቁጥሩ በ1 ይጀምራል እታለም! ራውተሩ... ትናንት እማዬ ቤት ስታስተካክል ብፌው ውስጥ አስገብታዋለች። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ አቧራ እንዳይነካው ብላ ዳንቴል አልብሳዋለች። የብፌው ጀርባ መስታወት ነው።

እታለም (ደጀን)፦
ይኸው! ዳንቴሉ ምንም አያደርግም፣ ቢያፍነውና ቢያሞቀው እንጂ። ጉዳዩ መስታወቱ ነው። መስታወት ከጀርባው በብረት የተቀባ ነው፣ ሲግናሉን ወደ ሳሎኑ ይመልሰዋል። የቴሌቪዥኑም ጀርባ ብረት አለው። አሁኑኑ አውጣና ገመዱ እስከደረሰ ድረስ ወደ ደረጃው አስጠጋው፣ ከፍ አድርገህ አስቀምጠው። ደረጃው ክፍት ስለሆነ ሲግናሉ ሶሌታውን ሳይነካ ይወጣል። እናትህን ግን አስፈቅድ።

ከሞጣ፦
ይሄ ካልበቃ የዋይፋይ ማራዘሚያ አለ። እሱንም መኝታ ቤትህ ሳይሆን ደረጃው አናት ላይ ሰካው። ደካማ ሲግናል ከተቀበለ የሚያስተላልፈውም ደካማ ነው።

ባለ ፒንሳው (ፍኖተ ሰላም)፦
ለዛሬ ይሁን። ነገ ግን ገመዱን ግዛ ልጄ።

የማርቆስ ልጅ፦
እማዬ ፈቅዳለች። ደረጃው ሥር በርጩማ ላይ አስቀምጬዋለሁ። 2 ሰዓት ሊሆን 10 ደቂቃ ቀርቶታል፣ ሞክሬ እነግራችኋለሁ!

እንጅባራ፦
እኔም ያው ችግር አለብኝ፣ ቤታችን ፎቅ ነው። እንዴት ሆነልህ ወንድሜ?

የቡሬው፦
አጥፍተህ አብርተኸዋል?